100 ፍሬም ያልከው የካርዱ ብቻ አይደለም፦ ስለ 4060 እና ሳይበርፐንክ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «4060 ሳይበርፐንክን ቀጠቀጠው» ብሎ የጻፈውን ነገር ሦስት የማውቃቸው ልጆች በተለያየ ቀን ላኩልኝ፣ ሦስቱም ካርድ ለመግዛት ብር ያጠራቀሙ ናቸው፣ አንዱ እንደውም ከዱባይ ሚመጣ ሰው አግኝቶ ልዘዝ አልዘዝ እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ለዛ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ እንጂ ከጸሐፊው ጋር ምንም የለኝም፣ በአማርኛ ስለ ግራፊክስ ካርድ ቁጭ ብሎ ሚጽፍ ሰው ራሱ ስንት አለና።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ልጁ አርቲኤክስ 4060 ሚባለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ገዛ፣ ሳይበርፐንክ 2077 ሚባለውን ጌም በ1080ፒ (1920 በ1080 ፒክስል) ከፈተ፣ ሬይ ትሬሲንጉን (የብርሃንና የጥላ ስሌቱን) አልትራ አደረገ፣ ዲኤልኤስኤስ (በትንሽ ፒክስል የተሠራውን ምስል በኤአይ ሚያሳድገው) ፐርፎርማንስ ላይ፣ ፍሬም ጀነሬሽን በርቶ፣ ከዛ ጌሙ ውስጥ ያለውን ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ ፈተና) አንዴ አስኬደና አቬሬጁ በሰከንድ 100 ፍሬም፣ ማለትም 100 ምስል፣ አካባቢ መጣለት። ከዚች አንድ ቁጥር ተነስቶ አምስት ነገር ደመደመ፦ ካርዱ ከሱ በፊት የነበረው የ3060 እጥፍ ነው፣ አቬሬጁን ካወቅክ ሌላው ወሬ ነው፣ 8 ጊጋ ቪራም (የካርዱ የራሱ ማህደረ ትውስታ) ይተርፋል፣ ሲፒዩ (የፒሲው ዋና ፕሮሰሰር) ለውጥ የለውም፣ ያለህ ፒሲ ላይ ሰክተህ ተጫወት።

የጌሙ ምርጫ ላይ ጸብ የለኝም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ዲሴምበር 2020 ላይ ሲያወጣው እንዴት እንደተዋረደ ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ሶኒ ከስቶሩ እስከማውረድ ደርሶ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ሲያክሙትም ሲያከብዱትም ኖሩና ኤፕሪል 2023 ላይ ኦቨርድራይቭ ሚባለውን ፓዝ ትሬሲንግ፣ ከሬይ ትሬሲንግም የከበደውን፣ ጨመሩበት፣ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ 2.0 አፕዴትና ፋንተም ሊበርቲ ሚባለው ተጨማሪ ታሪክ መጡ። ዛሬም ካርድ ማላብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሚከፍተው እሱን ነው። ችግሩ ጌሙ ላይ ሳይሆን አለካኩ ላይ ነው።

ደግሞ ልናዘዝ፣ እኔ ያለኝ 3060 ነው፣ «ቅናት ነው» ምትሉ ካላችሁ ትንሽዬ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው፣ «4060 100 ሰጠኝ፣ 3060 ግን 50 ነበር፣ ስለዚህ እጥፍ ነው» ያለው። ወንድሜ፣ አንዱን ፍሬም ጀነሬሽን አብርተህ ሌላውን አጥፍተህ ነው እኮ ያወዳደርከው። የኤንቪዲያ ፍሬም ጀነሬሽን 3060 ላይ አይሠራም፣ ከ40 ሲሪየስ ጀምሮ ነው። ፍሬም ጀነሬሽን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንይ፣ ካርዱ ሁለት እውነተኛ ፍሬም ይሠራል፣ ከዛ በመሀላቸው ምን ሊመስል እንደሚችል ገምቶ አንድ ይጨምራል፣ ስለዚህ ካየኸው 100 ውስጥ 50ው ብቻ ነው ጌሙ ራሱ ያሰበው። መሀሉን ለመገመት ሁለተኛው ፍሬም ቀድሞ መድረስ ስላለበት ያለቀውን ፍሬም ትንሽ አቆይቶ ነው ሚያሳይህ፣ ይቺ መቆየት ማውስህን ስታንቀሳቅስ ትሰማሃለች፣ ሪፍሌክስ ሚባለው የኤንቪዲያ መዘግየት መቀነሻ የተወሰነውን ይመልሳል ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። አይንህ 100 ያያል፣ እጅህ ግን የ50 ወይ ከዛም ያነሰ ነው ሚሰማው። ላም አለኝ በሰማይ ሚባለው እዚህ ጋ ተገለበጠ፣ ወተቷን ታያለህ ግን አትጠጣትም።

ይሄ ብቻ አይደለም፣ ዲኤልኤስኤስ ፐርፎርማንስ በ1080ፒ ማለት ጌሙ በ960 በ540 ነው ሚሠራው ማለት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ፣ 1920 በ1080 ከ2 ሚሊዮን ፒክስል ትንሽ ይበልጣል፣ 960 በ540 ደግሞ 518,400፣ ልክ ሩብ። ሩቡን ሠርቶ፣ ከሁለት ፍሬም አንዱን ብቻ ሠርቶ፣ ማለትም ስክሪንህ ላይ ካሉት 8 ፒክስሎች 7ቱን ኤአይ ነው የሞላልህ። እኔ ኤአይ አይሙላ አላልኩም፣ እኔም ራሴ ዲኤልኤስኤስ ኳሊቲ ሳላበራ አልጫወትም፣ ግን «የካርዱ ጉልበት» ብለህ ስትጽፍ የቱ ጉልበት እንደሆነ ለይተህ ንገረን።

ሁለቱም እኩል ሴቲንግ ላይ ሆነው ፍሬም ጀነሬሽን ሲጠፋ 4060 3060ን ሚበልጠው በ20 በመቶ ገደማ ነው፣ ኤንቪዲያ ራሱ ካርዱን ሲያስተዋውቅ ያለው ይህንኑ ነው። 20 በመቶ ይናቃል እያልኩ አይደለም፣ ግን እጥፍ አይደለም። በዛ ላይ በ2024 የወጣው የጌሙ 2.13 አፕዴት የኤንቪዲያ ተፎካካሪ የሆነውን የኤኤምዲን ኤፍኤስአር 3 ፍሬም ጀነሬሽን ጨምሯል፣ እሱ ደግሞ የኔ አሮጌ ካርድ ላይም ይበራል። እሱን አብርቼ «3060ዬ እጥፍ ሆነ» ብዬ ብጽፍ ትስቁብኛላችሁ አይደል?

እና እዚሁ ላይ እያለሁ፣ ከኛ ሰው ብዙው 60 ኸርዝ ሞኒተር ነው ያለው። 60 ኸርዝ ሞኒተር በሰከንድ 60 ጊዜ ነው ምስል ሚቀይረው፣ 100 ፍሬም ብትልክለት የቀረው ወይ ይጣላል ወይ ስክሪኑ መሀል ላይ ይቀደዳል። ቪሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ጋር ሚያስተካክለው) ላብራ ካልክ ደግሞ ከፍሬም ጀነሬሽን ጋር ሲሆን ጌሙ 30 ላይ ይታሰርና 30ውን ይገምትልሃል፣ ማለትም የ30 ፍሬም ክብደት ያለው ጌም በ60 ልብስ። ጽሑፉ ላይ ስለ ሞኒተር አንድ ቃል የለም።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ «አቬሬጅ በቂ ነው፣ ዋን ፐርሰንት ሎው ምናምን ሚሉት ነገር ለማሻሻጥ ነው» ያልከው። ዋን ፐርሰንት ሎው ማለት በጣም ከዘገዩት አንድ በመቶ ፍሬሞች ሚወጣው ፍጥነት ነው። አንድ ሰከንድ ውሰድ። በዛች ሰከንድ ውስጥ 59 ፍሬም እያንዳንዱ በ14 ሚሊሰከንድ መጣ እንበል፣ ድምሩ 826 ነው፣ አንዷ የቀረችው ፍሬም ደግሞ 174 ሚሊሰከንድ ወሰደች። ድምር 1000፣ አቬሬጅ 60 ፍሬም፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ማር ነው። መኪና እየነዳህ መታጠፊያ ላይ ያቺ 174 ስትመጣ ግን ስክሪኑ ድርቅ ይልብህና ግንብ ውስጥ ገብተህ ትነቃለህ። ከመገናኛ ሜክሲኮ በታክሲ ስትሄድ አማካይ ፍጥነቱን ማን ይጠይቃል፣ አንዱ መብራት ላይ ሃያ ደቂቃ የቆምካትን ነው ቤት ገብተህ ምታወራው።

ይሄ ነገር አዲስ ግኝትም አይደለም፣ ቴክ ሪፖርት ሚባለው ድረገጽ 2011 ላይ ነው ፍሬምን በሰከንድ መቁጠሩን ትተን እያንዳንዷ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ ወሰደች እንበል ብሎ የጀመረው፣ ከዛ ወዲህ ከበድ ያለ ሪቪው ሚሠራ ሁሉ ፍሬም ታይም ያሳያል። መሣሪያውም በነጻ ነው፣ ካፕፍሬምኤክስ አለ፣ የኢንቴል ፕሬዘንትሞን አለ፣ አፍተርበርነር ከሪቫቱነር ጋር አለ፣ ከሦስቱ አንዱን ጫን፣ ግራፉ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥሩ፣ እንደ እሾህ ወደላይ ከተወጋጋ ደግሞ አቬሬጅህ ምንም ይሁን ችግር አለ።

ቤንችማርኩ ራሱም ቢሆን። ጌሙ ውስጥ ያለው ፈተና አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ካሜራው ቡና ቤት ውስጥ ይጀምርና መንገድ ላይ ወጥቶ ይንሸራሸራል፣ ማንም አይተኩስም፣ በፍጥነት ሚነዳ የለም፣ ካርዱ ሞቅ ሳይል ቪራሙም ሳይሞላ አለቀ ይልሃል። እናቶቻችን የመጀመሪያዋን እንጀራ ማሟሻ ነው ሚሏት፣ ምጣዱ ገና ስለሆነ ማንም በሷ ሙያቸውን አይለካም፣ አንተ ግን ማሟሻዋን አውጥተህ ለእንግዳ አቀረብክ። ቢያንስ አራት ጊዜ አስኪደው፣ የመጀመሪያውን ጣለው፣ የቀረውን አወዳድር፣ ከዛ ደግሞ የፋንተም ሊበርቲ ሰፈር የሆነው ዶግታውን ገብተህ አስር ደቂቃ በእግርም በመኪናም ዙር፣ ወይ ጂግ ጂግ ስትሪት ሰው ሲበዛ ሂድ። ፋንተም ሊበርቲ ከሌለህ የካቡኪ ገበያም ይበቃል። ካርዱ ምን እንደሆነ እዛ ነው ምታውቀው።

ሦስተኛ፣ «8 ጊጋ ይተርፋል፣ አፍተርበርነር ላይ 7 ጊጋ ብቻ ነው ያየሁት»። እዚህ ጋ ግማሹን እቀበላለሁ። በ1080ፒ፣ ቴክስቸር (የነገሮች ገጽ ምስል) ሃይ ላይ፣ ፓዝ ትሬሲንግ ጠፍቶ ከሆነ ሳይበርፐንክ በ8 ጊጋ በሰላም ይኬዳል፣ ከሌሎች አዳዲስ ጌሞች አንጻር ቪራም ላይ ጨዋ ነው። ግን ያየኸው ቁጥር ጌሙ የያዘው እንጂ የሚያስፈልገው አይደለም፣ ጌም 8 ጊጋ ካርድ ሲያይ ቁጥቡን ነው ሚጠይቀው፣ 12 ሲያገኝ ደግሞ እጁን ይዘረጋል፣ ስለዚህ «7 ብቻ» ማለት «1 ተርፎኛል» ማለት አይደለም። ሬይ ትሬሲንግ ለራሱ ቪራም ይወስዳል፣ ፍሬም ጀነሬሽንም ለራሱ ይወስዳል። ሚገርመው ካርዱ እንዲሸጥ ያደረጉት ሁለቱ ነገሮች ናቸው ካርዱ የጎደለውን ነገር ሚበሉት።

ሲሞላስ ምን ይሆናል? ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት ምክንያቱም ከኛ ሁኔታ ጋር በጣም ይገናኛል። ወጥ እየሠራህ ሽንኩርቱ ጓዳ ካለ እጅህን ዘርግተህ ትወስዳለህ፣ ካለቀ ግን ልጅ ሱቅ ትልካለህ፣ ወጡም ይጠብቃል። 4060 ከራሱ ቪራም በሰከንድ 272 ጊጋባይት ያነባል፣ ያ ጓዳው ነው። ሲሞላበት ከፒሲው ራም ነው ሚያመጣው፣ መንገዱ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው፣ 4060 ደግሞ ስሎቱ ላይ ሙሉ 16 መስመር ቢኖርም ሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ነው። ማዘርቦርድህ ጄኔሬሽን 4 ከሆነ በሰከንድ 16 ጊጋባይት ገደማ፣ ጄኔሬሽን 3 ከሆነ ግን 8 ገደማ። ከ272 ወደ 8 ወረድክ ማለት ነው። 3060 ባለ 16 መስመር ስለሆነ አሮጌ ቦርድ ላይም 16 ገደማ ያገኛል፣ በዛ ላይ 12 ጊጋው ጓዳው ሰፊ ስለሆነ ልጁን ሱቅ ሚልከው ከስንት አንዴ ነው።

አንተ የሞከርክበት ፒሲ አዲስ ቦርድ እንዳለው ፎቶው ላይ ይታያል፣ ጥሩ ነው፣ ይልመድብህ። እዚህ ግን ሰው ሚገዛው ከውጭ ተጠራርጎ የመጣ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፣ የአብዛኛው ቦርድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ጄኔሬሽን 3 ነው። ማለትም ያንተ 4060 እና የሱ 4060 ሳጥናቸው አንድ ነው፣ የሞላ ቀን ግን አንድ አይደሉም። ይሄን ሳይጽፉ «ይተርፋል» ማለት በሰው ብር መጫወት ነው፣ ካርዱ በሰው ሻንጣ ነው ሚመጣው፣ አልተመቸኝም ብለህ ምትመልስበት ሱቅ የለም፣ ዋራንቲ ሚባለውም እዛው ዱባይ ኤርፖርት ይቀራል።

አራተኛው «ሲፒዩ ለውጥ የለውም፣ ሥራው የጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ) ነው»። አይ። 2.0 ሲመጣ እኮ ከስቱዲዮው ሰዎች አንዱ ወጥቶ ኩሊንጋችሁን ቼክ አድርጉ፣ ባለ 8 ኮር ሲፒዩ ላይ 90 በመቶ ሥራ መጠበቅ ትችላላችሁ ብሎ አስጠንቅቋል። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ መኪናው፣ ሲሙሌሽኑ፣ ይሄ ሁሉ የሲፒዩ ነው፣ ሬይ ትሬሲንግ ራሱ ለሲፒዩው ተጨማሪ ሥራ ይዞ ነው ሚመጣው። አሮጌ ባለ 4 ኮር ላይ 4060 ብትሰካ ካርዱ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ታየዋለህ። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ሪዞሉሽኑን ቀንሰው፣ ፍሬሙ ካልጨመረ አፍኖ የያዘህ ሲፒዩው ነው፣ በቃ። ክራውድ ዴንሲቲ (የመንገዱ ሰው ብዛት) ሚለውን ሎው አድርገህ ከጨመረም እንደዛው። ራሙም አለበት፣ አንድ ባለ 16 ከሁለት ባለ 8 ጋር እኩል አይደለም፣ ሁለቱ በሁለት ቻናል ስለሚሠሩ መቆራረጡን በደንብ ይቀንሱታል፣ ሻጮች ግን «16 ጊጋ ነው» ብለው አንዷን ሰክተው ነው ሚሰጡህ።

ላፕቶፕ ላይም ይሠራል ብለህ ያለፍካት አንድ መስመር አለች፣ እሷንም ልንካት። የላፕቶፑ 4060 በስም አንድ ነው እንጂ አምራቹ እንደፈለገ ከ35 እስከ 115 ዋት ያደርገዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሰው «4060 ላፕቶፕ አለኝ» ብለው ሁለት የተለያየ ዓለም ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እና አንድ የኛ ነገር፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ አንጻር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፣ ፋኑ እኩል ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ቀላል ነው። ዴስክቶፕ 4060 ላይ ብዙም ለውጥ የለውም፣ ቀጭን ላፕቶፕ ላይ ግን ዱባይ በኤሲ ክፍል የተለካ ሙቀት እዚህ ይደገማል ብለህ አትማል። ደግነቱ ክፍላችን ቀዝቃዛ ስለሆነ የተወሰነውን ይመልሰዋል።

የመጨረሻው፣ «ያለህ ፒሲ ላይ ሰካው»። ኤሌክትሪኩ ላይ ፍጹም ልክ ነህ፣ 115 ዋት ማለት ከ3060 በ55 ዋት ያነሰ ነው፣ እና ያን ፍሬም በዛ ዋት መስጠት ትልቅ ነገር ነው፣ ጄኔሬተር ወይ ዩፒኤስ ላይ ለሚጫወት ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። እኔ ብሆን ጽሑፉን በዚህ ነበር ምጀምረው። ግን ኤንቪዲያ ለሙሉ ሲስተሙ ሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ካርዶቹም አብዛኞቹ 8 ፒን ሚባለውን ገመድ ይፈልጋሉ፣ የቢሮ ዴስክቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱም የለውም፣ ፓወር ሰፕላዩም የራሱ ቅርጽ ስለሆነ መርካቶ ሄደህ ሌላ ገዝተህ ምትቀይረው አይነት አይደለም። ጠባቡ ኬዝ ውስጥ ካርዱ ይገባል ወይ ሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። «ሰካው» ከማለት በፊት «ክፈተውና እይ» ማለት ይቀድማል።

ስለዚህ ወንድሜ አንድ ነገር ልለምንህ፣ ካርዱ አንተ ጋ ነው፣ እኔ ጋ የለም። ፍሬም ጀነሬሽኑን አጥፋ፣ ዲኤልኤስኤስ ኳሊቲ አድርግ፣ ዶግታውን ውስጥ አስር ደቂቃ ንዳ፣ ፍሬም ታይሙን መዝግብ፣ ከዛ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ስሎቱን ጄኔሬሽን 3 አድርገህ ያንኑ ድገመው፣ ቴክስቸሩን ሃይ አድርገህም ፓዝ ትሬሲንጉን አብርተህም። ሲፒዩህን፣ ራምህ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ ድራይቨሩንና የጌሙን ቨርዥን አብረህ ጻፍ። ቁጥሩ 100ም ይሁን 40 ግድ የለኝም፣ እሱን ጽሑፍ እኔ ራሴ ነኝ ለሦስቱም ልጆች ምልከው፣ 4060 ካሸነፈም አሸነፈ እላለሁ።

ያ የዱባዩን ሰውዬ ሚጠብቀው ልጅ ደግሞ ኬዙን ከፍተህ የፓወር ሰፕላዩን ስቲከር ፎቶ አንሳልኝ ብዬው ነበር። ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ላከልኝ፣ 240 ዋት ይላል፣ 8 ፒን ገመድ የለም። የሰውዬው በረራ ሐሙስ ነው።